ሐጅ ከቡና እስኪወጣ

ሸቤ፣ ሰኔ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ለልጄ ለዙህራ ቲጃኒ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን አለሽ? ባልሽስ እንደምን ነው? ትንሿስ መሄድ ጀመረች? ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን» ይባላል። እኔም ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንደዚያ እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልጽፈውም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ሐጂ ኢስሃቅ ነው፤ የጅማ መርካቶው ነጋዴ፣ ልጅ ሆነሽ ሱቁ በር ላይ ቆመሽ ከረሜላ ትለምኚው የነበረው። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ለሐጅ ይሄዳል። አደራ ብዬዋለሁ። ጅዳ እንደገባ ብቻውን እንዳይመጣብሽ፣ በመጀመሪያ ለባልሽ በጆሮው ነግሮ፣ እዚያ ያሉትን የጅማ ሰዎች አሰባስቦ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አብረው እንዲመጡ። ደብዳቤውን ደግሞ ለቅሶሽ በረድ ሲል እንዲሰጥሽ። እንግዲህ ይህን ስታነቢ እናትሽ እንደሌለች ሰምተሻል። ሐጂራ ሞታለች፣ ልጄ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። የሞተችው ግን አሁን አይደለም። ጥር 9 ቀን 1976 ነው። ዓመት ከአምስት ወር ሆናት።

ሐጂ ኢስሃቅ ቀኑን እንዳይነግርሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፣ ያደግኩበት ወግ ነው። ቀኑን ግን በሌላ ሰው አፍ ቢደርስሽ ከዚያ የባሰ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ሞቷን ከሽማግሌዎቹ ስሚ፣ የእኔን ጥፋት ከእኔ ስሚ። ብታለቅሺም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ልትቀድጂው ካሰብሽ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ጅዳ በገባሽ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1970፣ «ሦስታችሁም ኑ፣ እናንተ ሐጃችሁን ታደርጋላችሁ፣ ታናሽ እህቴን አይሻንም እንዳያት» ብለሽ ጻፍሽ። እናትሽ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበርና ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በሦስተኛው ጊዜ ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተች፣ ነጭ ልብሷን አውጥታ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው። የዚያን ዓመት ዓረፋ የሚውለው ኅዳር 12 ነበር። ኅዳር! ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉ መሬት ሊስም ሲደርስ። አገሩም ያኔ እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱን አያውቅም። እኔ ግን የፈራሁት እሱን አይደለም፤ አልዋሽሽም። ያሰብኩት ስለ ቡናው ነው።

አባትሽ ሃያ ዓመት የቡና ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ነው፣ ሒሳብ ይወዳል። የሐጅ ወር በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይቀድማል፤ በሦስት ዓመት አንድ ወር ማለት ነው። ይህን በጎተራው በር ላይ በከሰል ሠርቼ አሳየኋት። «ሐጂራ፣ አትቸኩይ» አልኳት። «ሐጅ ከቡና እስኪወጣ እንታገሥ። አምስት ስድስት ዓመት ነው። ያኔ ሄደን፣ ሐጃችንን አድርገን፣ ዙህራን አይተን ስንመለስ ቡናችን ገና እየቀላ ይጠብቀናል።» በሒሳቤ ኮርቼ ነበር። እሷ ሳቀችና «አባ ዙህራ፣ መካም ከቡና በኋላ ሆነች?» አለችኝ።

አንቺም የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። እዚህ ሠርግ ከቡና በኋላ ነው፣ ግርዛት ከቡና በኋላ ነው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሚያፈስ ጣራ የሚከደነው ከቡና በኋላ ነው። ቡናን የማይጠብቅ ነገር ቢኖር በሽታ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እናትሽ ልታስጠብቀው ሞክራለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመቱ ሄደ። በ71 ዓረፋ ኅዳር መባቻ ላይ ዋለ፣ በ72 ጥቅምት ገባ። በየዓመቱ አንቺ «ዘንድሮስ?» ትያለሽ፣ እኔ «ትንሽ ቀርቶታል» እላለሁ። በ75 መስከረም 17 ላይ ሲውል እናትሽ «ወጣ እኮ» አለች። እኔ «ሄደን ስንመለስ ጥቅምት ይጋመሳል፣ ለቀማው ያመልጠናል፣ አንድ ዓመት ብቻ» አልኩ። በዚያ መሐል መሠረተ ትምህርት መጥቶ እናትሽ ከሴቶቹ ጋር እየሄደች ፊደል ቆጠረች። ስትማር አፌዝባት ነበር። «በዚህ ዕድሜሽ ጸሐፊ ልትሆኚ ነው?» እላታለሁ። «የልጄን ደብዳቤ ለማንበብ የሰው ፊት ከማይ ይሻላል» አለችኝ። የሰው ፊት ያለችው የእኔን ፊት ነው። ኮስተር ብዬ ነበር የማነብላት።

ከዚያ የ1976 ሐጅ ቀረበ። ዓረፋ መስከረም 6 ቀን ላይ ሊውል ሆነ። በከሰል የጻፍኩት ሒሳብ እውነት ሆነ፣ ሐጅ ከቡና ወጣ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሙሐመድሳኒ ገና በ75 ሰኔ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልን። «ባልና ሚስት ሂዱ፣ አይሻ ለመመለሳችሁ ዋስ ሆና ትቀመጥ» አለ። እናትሽ አይሻን ትቶ መሄዱ ከበዳት፣ ቢሆንም ተቀበለችው። የቀረኝ ነገር ያንን ወረቀት ጅማ ወስጄ ማኅተም ማስመታት፣ ከዚያ ሐጂ ኢስሃቅ ወደ አዲስ አበባ ከሚልካቸው ወረቀቶች ጋር መስጠት ነበር። ከሸቤ ጅማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አልወሰድኩትም፣ ዙህራ።

በሰኔ ዝናቡ ጠነከረ፣ መንገዱ ይድረቅ አልኩ። በሐምሌ የቡናው ፍሬ በሽታ ገባ ተብሎ የማኅበሩ የመድኃኒት መርጫ በየተራ ይዞር ጀመር፤ ተራው ሲደርስ ማሳው ላይ ያልተገኘ ሰው ይዘለላል። ተራዬን ጠበቅኩ። ከዚያ ምንጠራው አለ፣ ቡናውን አረም ከዋጠው ፍሬ አይዝም። ሐጅ ከለቀማ ይውጣ ብዬ ስድስት ዓመት የጠበቅኩ ሰው፣ ለካ ቡና የማይጠራህ ወር የለም። ወረቀቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ተቀመጠ። ይዤው ጅማ ስሄድ ሐጂ ኢስሃቅ ራሱን ያዘ። «ቲጃኒ፣ የተጓዦቹ ስም ወደ አዲስ አበባ ካለፈ አሥራ አምስት ቀን ሆኖታል» አለኝ።

ቤት ተመልሼ ለእናትሽ «ፈቃዱን ከለከሉን» አልኳት። ለአንቺም እንደዚያው ጻፍኩልሽ። መንግሥት ከለከለ ሲባል በዚህ ዘመን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስንት ነገር ተከልክሎ የለ። ያንን ነው የተጠለልኩበት። ያንን ሰሞን በየደብዳቤሽ የረገምሽው የድንበሩን፣ የፈቃዱን ነገር ነበር። የእርግማኑ አድራሻ እኔ ነበርኩ።

በኅዳር ለቀማ ላይ እናትሽ ከጎድኗ ሥር ወጋኝ አለች። ጎረቤታችን የኔነሽ፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ዓይኗን አይታ «ቢጫ ሆኗል፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጅማ ውሰዷት» አለችኝ። እናትሽ ግን እንቢ አለች። «ቡናው ይግባና እታከማለሁ» አለች። እኔም «ይሁን» አልኩ። ሰው አልነበረንም፣ ለቃሚ ሁሉ ወደ መንግሥት ቡና ለቀማ ዘመቻ ሄዷል፣ ሁለት እጅ ትልቅ ነገር ነበር። እሷ እየታጠፈች ለቀመች፣ እኔ እያየሁ ዝም አልኩ። በታኅሣሥ መጨረሻ ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ ስጥ ላይ ሆኖ፣ እሷ መቆም ሲያቅታት ነው ጅማ የወሰድኳት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ አልተቆጣኝም። «ጉበቷ ነው፣ ቆይቷል» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አንቺ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎብሻል። እናትሽ አልጋው ላይ ሆና የምታወራው ስለ አንቺ ብቻ ነበር። እኔንና አይሻን አጠገቧ አስቀምጣ «እስክትወልድ፣ አራስ ቤት እስክትወጣ ድረስ እንዳትነግሯት። ልጄ በእኔ ምክንያት ልጇን እንዳታጣ» አለችን። ቃል ገባን። ይህ የሷ ቃል ነው፣ ለዚህኛው አትውቀሺኝ። በሐጂ ኢስሃቅ ጭነት መኪና ወደ ሸቤ መለስናት፣ በማግስቱ ነፍሷ ወጣች፣ በዕለቱ ቀበርናት። ብዙ ሰው ወጣ። ከጅማ አወቱ መንደራ የአክስትሽ ልጆች መጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሰባት ቀን አልተለየንም። አይሻ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። አንቺ በዚያ ሰሞን የጻፍሽው ደብዳቤ በአሥረኛው ቀን ደረሰ፤ «እማዬ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት?» ይላል።

በመጋቢት ወለድሽ፣ አልሐምዱሊላህ። «ስሟን እናቴ ታውጣላት» ብለሽ ጻፍሽ። ወረቀቱን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። ከዚያ «እናትሽ ሐጂራ በያት ብላለች» ብዬ መለስኩልሽ። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ «እማዬ ስታረጅ ራሷን መውደድ ጀመረች? በራሷ ስም ልጄን?» አልሽ። አይሻ ይህንን ስታነብ ደብዳቤውን ጥላ ወጣች። እኔ ግን ስሙን ስላወጣሁ አልጸጸትም። መካ ላይ በሳፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰው ሁሉ የሚሮጠው የዚያችን የጥንቷን እናት የሐጂራን ዱካ ተከትሎ አይደል? የእኛዋ ሐጂራ ያንን ቦታ በእግሯ ካልረገጠችው፣ ስሟ እንኳ እዚያ አካባቢ ይደግ አልኩ።

አርባ ቀንሽ በሚያዝያ አለቀ። ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሐጂ ኢስሃቅም «አሁን ሰው እንላክ» ብሎኛል። እኔ «ጡት እያጠባች ነው፣ ወተቷ ይደርቃል፣ ትንሽ ትቆይ» አልኩ። ሰኔ ሲገባ የምትመጡበትን ወቅት እንምረጥ ብለሽ ጀመርሽ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ስንቅ እያደር ከበደ።

አቤት አንቺ ስትጽፊ! ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ወቅት። ሐምሌና ነሐሴ ጅዳ እሳት ነው፣ የእማዬ ደም ግፊት አይችለውም። ጥቅምት ላይ ነፋስ ይገባል፣ ግን ለቀማ ነው። ጥር በጣም ጥሩ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሐጅ ባይሆን ዑምራ ታደርጋላችሁ፣ አይሻ ግን ትምህርት ላይ ናት። መጋቢት ቢሆንስ? እንዲህ እያልሽ አሥራ ሁለቱን ወር አበጠርሽ። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አፈረስኩልሽ። መጋቢት ቡናው ያብባል፣ አይሆንም። ክረምት መንገዱ ይቆረጣል፣ አይሆንም። ጥር ጀንፈል ስጥ ላይ ነው። ዘንድሮ ከሰሜን ሰፋሪዎች መጥተዋል፣ ማኅበሩ ሥራ አብዝቷል፣ ለማንም የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍም። ለሞተች ሴት የመንገድ ወቅት የሚያማርጥ ባል አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ሰው አባትሽ ነው።

አምና በሰኔ በስልክ እንገናኝ ያልሽ ቀን ሐጂ ኢስሃቅ ሱቅ ብቻዬን ሄድኩ። «እማዬን አቅርባት» ስትዪ «በጭቃው ምክንያት አልመጣችም» አልኩሽ። ለጉልበቷ የላክሽውን ቅባት የተቀባሁት እኔ ነኝ፤ ባክኖ ከሚቀር ብዬ። አብረሽ የላክሽላት ሻሽ ሣጥኗ ውስጥ አለ፣ እሱን አልነካሁትም።

ለምን እንዲህ አደረግክ ብትዪኝ ልንገርሽ። መጀመሪያ ለአንቺ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ለራሴ ሆነ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር «እማዬ እንዴት ናት? እማዬ በላች? እማዬን ሳምልኝ» ይላል። በዚህ ቤት ሰው ስሟን መጥራት ትቷል፣ አይሻ እንኳ እኔን ፈርታ አትጠራትም። በመላው ዓለም ሐጂራን እንደ ሕያው የምታወራት አንቺ ብቻ ቀረሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ እሷ ጓሮ ያለች ይመስለኝ ነበር። ካወቅሽ ይህም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በረመዳን ያቺን ትንሽ ቴፕና ካሴት ላክሽ። «እንግዲህ ወቅቱ አልስማማ ካለን የእማዬን ድምፅ ቅዱልኝ። ድምፅ ፈቃድ አይጠይቅም» ብለሽ። የአይሻ ድምፅ የእናትሽን ድምፅ መሆኑን ታስታውሺ እንደሆነ እንጃ፣ ስትሄጂ ሕፃን ነበረች። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከጓዳ ስትጣራ እኔ ራሴ እደነግጣለሁ። የዒዱ ማግስት፣ ከትናንት ወዲያ፣ ከዙሁር በኋላ አስቀመጥኳት። የምትለውን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ ቡናው ደህና ነው፣ ኢንሻአላህ በሚመጣው ዓመት እንገናኛለን የሚል ነው። ቴፑን ከፈትኩ።

«ዙህራ፣ ልጄ» አለች።

ደስ አለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «ድገሚው» አልኳት። አይሻ አየችኝ። እጇን ዘርግታ ቴፑን ዘጋችው። ልጅቱ በእኔ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም።

«አባ፣ እኔ እናቴን ቀብሬያለሁ» አለችኝ። «ለእርስዎ ብዬ ተመልሼ አላስነሣትም።»

ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። የኔነሽ በአጥር በኩል ስታለቅስ ሰምታት መጣች፣ ነገሩን አወጣጣቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ገባች። የምትቆጣ ሴት አይደለችም፣ ታውቂያታለሽ፣ በዚያ ቀን ግን አልማረችኝም። «አባ ዙህራ፣ አራሷን መጠበቅዎ ደግ ነበር» አለችኝ። «ከአርባ ቀን ወዲህ ያለው ግን የእርስዎ ነው። የዙህራን ለቅሶ ወስደውባታል። ይመልሱላት።» ትናንት ማለዳ በመጀመሪያው አውቶብስ ጅማ ወርጄ ከሐጂ ኢስሃቅ ጋር ተነጋገርኩ። ዛሬ ይኸው እጽፋለሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። ዘንድሮ ዓረፋ ነሐሴ 20 ላይ ይውላል። አንቺ የራስሽን ሐጅ ቀድሞ አድርገሻል፣ ስለዚህ ለእናትሽ ማድረግ ትችያለሽ፤ ሼኹን ጠይቄያለሁ፣ ይፈቀዳል ብለዋል። ሙቀቱ ከባድ መሆኑን አንቺው ነግረሽኛል፣ ሕፃኗን ለሰው ትተሽ ሂጂ። ለእናትሽ ለሐጂራ አባመጫ ብለሽ በልብሽ ነይተሽ ግቢ። የእኔን ስም እዚያ እንዳታስገቢ። ይህን በትሕትና አይደለም የምልሽ፣ የሷን ጉዞ አንዴ አስቀርቻለሁ፣ ሁለተኛ አልጋፋባትም።

ሌላ አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ለሐጂ ኢስሃቅም፣ ለአይሻም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት አይሻ ውሃ ልታመጣ ወጥታ ብቻችንን ነበርን። እናትሽ ዓይኗን ገልጣ ቆይታ አየችኝ። «አባ ዙህራ፣ ያንን የማኅበሩን ወረቀት በነሐሴ ካፖርትህን ላጥብ ስል ኪስህ ውስጥ አግኝቼ አንብቤዋለሁ» አለችኝ። «ገና ማኅተም አልነበረበትም።»

በነሐሴ፣ ዙህራ። አንብባ መልሳ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ካፖርቱን ሳታጥበው ተወችው። እኔ ከጅማ ተመልሼ «ከለከሉን» ስላት እያወቀች «አላህ ያለው ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ እየታመመች አብራኝ ለቀመች፣ አንድ ቀን አልነካካችኝም። አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ሐጂራ» አልኳት። እጇን ያዝኩት፣ ትኩስ ነበር። እሷ «ቡናው ገባ?» አለችኝ። «ገብቷል» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አይሻ ውሃውን ይዛ ገባች፣ ሌላ የተነጋገርነው የለም። በማግስቱ አፏ ተያዘ።

አፉ ብላኝ ይሁን፣ ትታኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሷ ልሰማው የምችልበት ጊዜ አልፏል። ከአንቺም ደግሞ ቶሎ እንዲመጣ አልጠብቅም።

የቱ ወቅት ይሻላል ላልሽው መልሴ ይህ ነው። እኔን ና አትበይኝ፣ እሷ ሳታየው የቀረችውን አገር አይቼ የምመለስበት ፊት የለኝም። አንቺ ለመቃብሯ መምጣት ብትፈልጊ ግን ከሐጂ ኢስሃቅ ጋር ተማከሪ፣ ገብቶ መውጣት እንደ ድሮው አይደለም፣ ባልሽና ልጅሽ እዚያ ናቸው። ይሆናል ካላችሁ በፈለግሽው ወር ነዪ። በለቀማም ቢሆን፣ በክረምትም ቢሆን። ወር መምረጥ ለእኔ በቅቶኛል። መምጣቱ ከከበደሽ፣ መጻፉም ከከበደሽ፣ ለአይሻ ብቻ ጻፊላት። እሷ ምንም አላጠፋችም፣ እኔ አፏን ዘግቼባት ነው። ካሴቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ትናንት ማታ በራሷ ስም ሞልታዋለች፣ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እንዳልሰማ ውጭ ወጥቼ ነበር።

አላህ ለቅሶሽን በሶብር፣ በትዕግሥት ይለውጥልሽ። ሐጅሽን ተቀባይነት ያለው ያድርግልሽ። የባልሽን ጤና፣ የትንሿን ሐጂራን ዕድሜ ያብዛ፤ እናቷን ጠግባ የምታድግ ያድርጋት። ለእናትሽ ቀብሯን ያስፋላት፣ በነገር ሁሉ ያስቀየምኳትን በጀነት ይካሳት። አሚን።

ያስቀየመሽ አባትሽ፣
ቲጃኒ አባቦራ